ከሻፍት ኋላ የሚሄዱት

ባለፈው ዓመት፣ በረዶ ከቤት እንዳንወጣ ባደረገን አንድ ቅዳሜ ማታ፣ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ከሆኑት ከጋሼ ጋር አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም አየን። ለዶክትሬት ጽሑፌ ስለምፈልገው ዲቪዲውን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተውሼ ነበር። ፊልሙ በ1973 የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን፣ መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው። የኒውዮርኩ ጥቁር መርማሪ ጆን ሻፍት፣ አፍሪካውያን ወጣቶችን በሥራ ስም እያታለሉ ፈረንሳይ ወስደው እንደ ባሪያ የሚያሠሩ ሰዎችን መረብ ለመበጣጠስ፣ ራሱን ለውጦ እንደ አንድ ሥራ ፈላጊ ከሚነዱት ጋር ይቀላቀላል። መንገዱ የሚጀምረው ከእኛው ሀገር ነው፤ ፊልሙም በከፊል የተቀረጸው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏቸው ነበር። አንጋፋው ተዋናይ ደበበ እሸቱ ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ብቅ ሲሉ «ደበበ! ደበበ እኮ ነው!» ብለው ከሶፋው ብድግ አሉ። በኋላ ግን ዝም አሉ። ሻፍት ከሌሎች ሰዎች ጋር የሚታይበት አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ «እስቲ አቁሚው» አሉኝ። አቆምኩት። «ትንሽ ወደኋላ መልሺው።» መለስኩት። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። ጣታቸው የጠቆመው ሻፍትን አልነበረም፤ ከኋላው ያሉትን ነበር።

«እነዚህን ሰዎች ስንት ስንት ብር ሰጥተዋቸው ይሆን?» አሉኝ። ቀጥለውም «ስማቸውስ አለ?»

የተዋንያኑን ዝርዝር ፈለግን። የደበበ እሸቱ ስም አለ። ዘነበች ታደሰ የተባሉ ኢትዮጵያዊት ተዋናይም ስማቸው አለ፤ የሚጫወቷት ሴት ግን ስም የላትም፣ «ሴተኛ አዳሪዋ» ብቻ ነው የተባለችው። የቀሩት የሉም።

ያን ሰሞን ፊልም የሚያጠና አንድ የኢትዮጵያ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ «ይህ ፊልም ዛሬ እንደገና መሠራት አለበት» እያለ ሲከራከረኝ ነበር። እኔም ወደ እሺታው አዘንብዬ ነበር። የጋሼ ጥያቄ ግን አላስተኛኝ አለ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

*

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። አሜሪካኖች «ኤክስፕሎይቴሽን» የሚሉት የፊልም ዓይነት በአማርኛ «የብዝበዛ ፊልም» ቢባል ያስኬዳል። በዝቅተኛ ወጪ ቶሎ ይሠራል፤ ሰውን ወደ ሲኒማ ቤት የሚስበው በታሪኩ ጥልቀት ሳይሆን ሌላው በማያሳየው ነገር ነው፦ በደም፣ በራቁት ገላ፣ በአደንዛዥ ዕፅ፣ ጋዜጣ ላይ ሰሞኑን በሚያነጋግር ወንጀል። በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ይህ ንግድ ደርቶ ነበር። ከቅርንጫፎቹ አንዱ «ብላክስፕሎይቴሽን» ተባለ። ቃሉን በ1972 የፈጠረው ጁኒየስ ግሪፈን ነው፤ የጥቁሮችን መብት የሚያስከብረው የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሆሊውድ አካባቢ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነበር። ክሱ ግልጽ ነው፤ የጥቁርን ሕዝብ ሕይወት ወደ ሽጉጥ፣ ወደ ዕፅና ወደ ሴተኛ አዳሪነት አሳንሶ ለዚያው ሕዝብ መልሶ መሸጥ ነው የሚል።

ይሁን እንጂ ነገሩ ያን ያህል ቀላል አልነበረም። በ1971 ሜልቪን ቫን ፒብልስ በራሱ ገንዘብና በብድር «ስዊት ስዊትባክስ ባዳስ ሶንግ»ን ሠራ፤ መጀመሪያ ሊያሳዩት የተስማሙት ሁለት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ነበሩ፣ አንዱ ዲትሮይት አንዱ አትላንታ። ሰው ጎረፈ። በዚያው ዓመት የጎርደን ፓርክስ «ሻፍት» ወጣ፤ አይዛክ ሄይስም በፊልሙ ዘፈን ኦስካር ወሰደ። ነጭ ፖሊስን ቀና ብሎ የሚያይ፣ በመጨረሻም የማይሞት ጥቁር ጀግና በስክሪን ላይ ማየት ለዚያ ዘመን ተመልካች ምን ማለት እንደነበር ከዛሬ ሆኖ ማቃለል ነውር ነው። ፓም ግሪየርን በ«ኮፊ» እና በ«ፎክሲ ብራውን» ያዩ ሴቶች የሚበቀል እጅ ያላት ጥቁር ሴት አይተዋል። ዳሩ ግን ያችው ሴት ለበቀል ከመድረሷ በፊት ካሜራው ገላዋ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆይ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። የብዝበዛ ፊልም አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚሰጠውና የሚዘርፈው በአንድ እጅ ነው።

«ሻፍት ኢን አፍሪካ»ም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል የአውሮፓ ከተሞች በተሸጠ አፍሪካዊ ጉልበት እንደሚሠሩ በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ በግልጽ የተናገረ ፊልም ነው። በሌላ በኩል ቮኔታ ማጊ የምትጫወታት የአሚሩ ልጅ አለች። ስሟ የእኛ ስም ይመስላል፣ ዓለሜ። ስለ ግርዛት የሚነሳው ጉዳይ ግን የሴት ልጅ ሕመም መሆኑ ቀርቶ ለሻፍት ማሽኮርመሚያ ይሆናል። የሚነዱት ወንዶች ደግሞ አብዛኞቹ ስም የላቸውም። የእነርሱ ሥራ መነዳት ነው፤ ጀግናው ነጻ የሚያወጣው ሰው ያስፈልገዋላ።

*

የጓደኛዬ ክርክር እንዲህ ነበር። በ1973 ልብ ወለድ የነበረው ዛሬ የእኛ ዜና ነው። ወጣቱ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከሀድያ ተነስቶ በደላላ እጅ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ጅቡቲን፣ የመንን ያቋርጣል። መንገድ ላይ ይሸጣል፣ ይታገታል፣ ማስለቀቂያ ይጠየቅበታል። «ይህን ታሪክ የሚያውቅ ፊልም ከሃምሳ ዓመት በፊት ተሠርቶልናል፤ ድክመቱን አርመን፣ ዛሬ ያለውን ዓለም አስገብተን፣ በራሳችን ተዋንያን ብንሠራው ምን ነውር አለው?» ይለኛል።

የታሪክን እንደገና መነገር እንደ ኃጢአት የምቆጥር ሰው አይደለሁም። የማጠናው ሥነ ጽሑፍ ራሱ በዚህ የቆመ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ በብርሃኑ ዘሪሁን፣ በአቤ ጉበኛ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን እጅ እንደገና ተሠርተዋል፤ እያንዳንዱም ሌላ ቴዎድሮስ ሰጥቶናል። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የሻፍት ታሪክ አጥንት በአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ላይ መገኘቱ ነው። በ1908 ሮም ላይ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ማለትም ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለውን ያስታውሷል። በጦርነት የተማረከ የጦር አለቃ ለባርነት ይሸጣል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ነጻ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ ያን ደግ ሰው ፍለጋ ሲወጣ እርሱም በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ራስን ለውጦ የሚሸጡትን ሰዎች መንገድ መከተል! ጦቢያ ሻፍትን ስድሳ አምስት ዓመት ቀድማዋለች።

ልዩነቱ ግን ያስተምራል። ጦቢያ የምትፈልገው ወንድሟን ነው። ሻፍት ግን ተቀጥሮ ነው የሚሄደው። ለአንዷ የሚነዱት ሰዎች ሥጋዋ ናቸው፤ ለሌላው ሥራው ናቸው። አንድን ታሪክ እንደገና እንሥራ ስንል መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ምናልባት ይህ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ሰው የሚፈልገው ወንድሙን ነው ወይስ ሥራውን?

*

እስካሁን እንደገና የተሠሩትን ስንመለከት ብዙ የሚያጽናና ነገር አናገኝም። «ሻፍት» ራሱ በ2000 በጆን ሲንግልተን፣ በ2019 በቲም ስቶሪ ተሠርቷል። «ሱፐር ፍላይ» በ2018 ከኒውዮርክ ወደ አትላንታ ተዛውሮ ወጣ። መኪናውና ልብሱ አማረ። የመጀመሪያዎቹን ያስነሳቸው ቁጣ ግን የለም፤ ካፖርቱን ወስደው ብርዱን ትተውታል። ከዚህ የባሰው ወገን ደግሞ አለ። በ1978 የተሠራውና አንዲት ሴት በቡድን ተደፍራ የምትበቀልበት «አይ ስፒት ኦን ዩር ግሬቭ» በ2010 ሲደገም የተሻሻለው ምኑ ነው? ካሜራው። የድምፁ ጥራት። የሴትየዋ ስቃይ ይበልጥ ጠርቶ ታየ። እኔ ይህን መሻሻል ለመባል የሚበቃ ነገር ሆኖ አላገኘሁትም።

«ዓላማው ጥሩ ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ዓላማ ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ጃኮፔቲና ፕሮስፔሪ የተባሉ ጣልያኖች በ1971 «አዲዮ ዚዮ ቶም» የተባለ ፊልም አወጡ። የአሜሪካን ባርነት አስከፊነት እናጋልጣለን አሉ። አብዛኛውን የቀረጹት በሄይቲ ነው፣ በአምባገነኑ በፍራንሷ ዱቫልዬ መንግሥት ድጋፍ። ድሆች ሄይቲያውያንን በብዛት ሰብስበው፣ ራቁታቸውን አቁመው፣ በሰንሰለት አስረው፣ እንደ ከብት አስነድተው ቀረጹ። እነዚህ ሰዎች በአመፅ ባርነትን ከጣሉት የሄይቲ ባሮች የተወለዱ ናቸው። ባርነትን ለማውገዝ ሲባል የነጻ አውጪዎቹ ልጆች እንደገና ታሰሩ፤ እምቢ ለማለት በማይቻልበት አገዛዝ ሥር። ፊልሙ ስለ ብዝበዛ ነው ሲባል ፊልሙ ራሱ ብዝበዛ አይደለም ማለት አይደለም። የጋሼ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ «ስንት ስንት ብር ሰጥተዋቸው ይሆን?»

የራሳችንም ታሪክ አለ። «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በወጣበት በ1973 ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ለዓለም አሳየ። በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ ዋዜማ ላይ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈው። ይህም በራሱ መንገድ አንድን ፊልም እንደገና መሥራት ነበር። ምስሎቹ እውነት ነበሩ፤ ረሃቡም ድግሱም። አሥር ዓመት አልፎ በ1984 መስከረም ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሌላ ረሃብ ሀገሩን ይዞት ነበር፤ ያኛውን ረሃብ ያሳየ መንግሥት ይህንን ደበቀው። የወሎ ገበሬ ፊት ለቆራጩ ያገለገለው ሰው ሆኖ ሳይሆን ማስረጃ ሆኖ ነበር። ማስረጃ ሥራውን ሲጨርስ መዝገብ ቤት ይገባል።

*

አሁን ስለ ራሴ የምናገረው አለ። እስካሁን ስለ ሌሎች ካሜራ ስናገር ቆይቻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ልጅ ሊቢያ ውስጥ ታገተ። አጋቾቹ ሲደበድቡት በስልክ ቀርጸው ለእናቱ ላኩ። ከዚያ ቪዲዮው ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከማኅበር ወደ ማኅበር ዞሮ እኔም ስልክ ላይ ደረሰ። ከሥሩ የባንክ ሂሳብ ቁጥር ነበረው። አየሁት። እስከ መጨረሻው አየሁት። ከዚያም ለሃያ ለሚሆኑ ሰዎች አስተላለፍኩት፤ «እባካችሁ፣ ልጁ እየሞተ ነው» ብዬ። ገንዘቡ ሞላ። ልጁ ተለቀቀ። በባሕር ተሻገረ። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራ ቀጥሎ ይገባችኋል።

በኋላ ለስብሰባ በሄድኩበት አንድ የአውሮፓ ከተማ አገኘሁት። ቡና ጠጣን። በዕድሜ ስለምበልጠው «እህቴ» ነው የሚለኝ። ብዙ ካወራን በኋላ ስኒውን እያሽከረከረ «እህቴ፣ አንቺም አይተሽዋል አይደል?» አለኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅሁትም። «አዎ» አልኩት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያላያችሁት ኖሮ እኔ የለሁም ነበር» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ «ግን እዚህ ከተማ ከአበሻ ጋር መቀመጥ አልችልም። ሰላም የሚለኝ ሁሉ ያንን ያየ ይመስለኛል። ሰው ሲያየኝ ያን ስለምን የነበረውን ነው የሚያየው» አለኝ።

ሆቴሌ ስመለስ ቪዲዮው አሁንም ስልኬ ውስጥ ነበር። ከተለቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ይህን ሌሊት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ቪዲዮውን ማስተላለፌ ስህተት ነበር? አልልም። ያ ምስል ሰው አድኗል። የአጋቾቹን ካሜራ ነጥቀን ለልጁ እንዲያገለግል አድርገነዋል ማለት ይቻላል። ስህተቴ ሌላ ቦታ ነው። ምስሉ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ይዤው ቆየሁ። እንዲጠፋ ለሃያዎቹ ሰዎች አልነገርኳቸውም። ልጁን አንድ ቀን «ምን እናድርገው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ምስሉ የእርሱ መሆኑን ረሳሁ። ጓደኛዬ «ይህ ፊልም እንደገና መሠራት አለበት» ሲል የማይታየው ይህ ነው፤ ፊልሙ በየቀኑ በየስልካችን ላይ እየተሠራ ነው። ዳይሬክተሮቹ አጋቾቹ ናቸው፤ አከፋፋዮቹ እኛ ነን።

*

ከዚህ በመነሳት አንድ የቆየ የብዝበዛ ፊልም እንደገና ይሠራ ወይስ አይሠራ ሲባል የምጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉኝ።

አንደኛው፣ ባለቁስሉ ከእኛ ጋር አዳራሹ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል ወይ? መብራቱ ሲጠፋ አጠገቤ ያ ልጅ ቢኖር ፊልሙ ለእርሱም ነው ወይስ ስለ እርሱ ለእኛ ብቻ? ብዙ የብዝበዛ ፊልሞች በዚህ ይወድቃሉ። የሚገርመው፣ አንዳንዶቹ አይወድቁም፤ የዲትሮይቱ ሲኒማ ቤት የሞላው በራሱ በባለቁስሉ ነበር።

ሁለተኛው፣ ተው ማለት የሚችል ሰው አለ ወይ? በ2014 «ድፍረት» የተባለው ፊልም አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ፊልሙ በጠለፋ ስለተወሰደች፣ ጠላፊዋንም ስለገደለች ልጃገረድ ነበር፤ ከከሳሾቹ አንዷም ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ራሷ ነበረች። እግዱ በኋላ ተነሳ፣ ፊልሙም ታየ። ያኔ ብዙዎቻችን «ለሴቶች የቆመ ፊልም እንዴት ይታገዳል?» ብለን ተቆጣን። እኔም ተቆጥቼ ነበር። ዛሬ ግን ያ ምሽት ሌላ ነገር ያስታውሰኛል፤ ለመልካም ዓላማ የተሠራ ፊልም እንኳ ባለታሪኳን በሩ ላይ ሊያገኛት ይችላል። እዚያ ሙግት ውስጥ ማን ትክክል እንደነበር ልፈርድ አልችልም። የእርሷ ድምፅ ግን እንደ እንቅፋት መቆጠር አልነበረበትም።

ሦስተኛው፣ አዲሱ ሥራ የትኛውን የድሮ ዕዳ ይከፍላል? እዚህ ላይ ደግሞ ተስፋ የሚሰጡ ምሳሌዎች አሉ። ክዌንቲን ታራንቲኖ በ1997 «ጃኪ ብራውን»ን ሲሠራ «ፎክሲ ብራውን»ን አልደገመም። የኤልሞር ሌናርድን ልብ ወለድ ወስዶ፣ መጽሐፉ ላይ ነጭ የነበረችውን ሴት ለፓም ግሪየር ሰጣት። በወጣትነቷ ካሜራው ገላዋን ያሳደዳት ተዋናይ፣ ዕድሜዋ አርባን ባለፈ ጊዜ የደከመች፣ የምታስብ፣ ማንንም የምትበልጥ ሴት ሆና ተቀመጠች። ከዚህ የሚበልጥብኝ የማሪዮ ቫን ፒብልስ ሥራ ነው። ማሪዮ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ሳለ አባቱ «ስዊትባክ» ላይ በወሲብ ትዕይንት ውስጥ አሳይቶታል። ያ ትዕይንት ዛሬም ያከራክራል፤ ማከራከርም ይገባዋል። ልጁ አድጎ በ2003 ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚተርክ ሌላ ፊልም ሠራ፤ የአባቱን ቦታ ራሱ ይዞ። አላወገዘውም፣ አላሞካሸውምም። የተጠቀሙበት ልጅ ካሜራውን ተቀብሎ «እንዲህ ነበር» አለ። ለእኔ ከሁሉ የተሻለው እንደገና መሥራት ይህ ነው።

*

ሁለት ተቃውሞዎች ይመጡብኛል። አንዱ፣ «እንዲህ ከሆነ ማን ምን ሊሠራ ነው? ሙታን አይፈቅዱም፤ ባለታሪክ ሁሉ ካልፈረመ ልብ ወለድ አይኖርም» የሚል ነው። ልክ ነው። የምጠይቀው ፊርማ አይደለም። አፈወርቅ ከማንም አላስፈረመም፤ ግን የሚሸጠውን ሰው አባት፣ ልጅ፣ ወንድም አድርጎ ነው የጻፈው። ሙት መናገር ባይችልም ሰው ሆኖ የመታየት መብት አለው።

ሁለተኛው የበለጠ ያስቸግረኛል። ጓደኛዬ «አንቺ የምትፈልጊው ጨዋ ፊልም ነው፤ ለፌስቲቫል የሚሠራ፣ በዝምታ የሚታይ፣ ሰው የማይጨርሰው» ይለኛል። ጨዋ ፊልምም እኮ ይበዘብዛል። የእኛን ድህነት በሚያምር ብርሃን ቀርጾ ለአውሮፓ ዳኞች የሚያቀርብ ሥራ ስንት አይተናል? ሻፍት ቢያንስ ለዘፈኑና ለሳቁ ሲባል ሰፈር ውስጥ ታየ። በዚህ ተሸንፌያለሁ። ጥያቄው ዘውጉ አይደለም። ደስታም ነውር አይደለም፤ ያ ልጅ ራሱ የሚወደው የድብድብ ፊልም ነው።

ኃይለኛ ነገር ማሳየትም በራሱ ጥፋት አይደለም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ የብላክስፕሎይቴሽን ዘመን ሲጋል ሎስ አንጀለስ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ተማሪ ነበሩ፤ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው የዚያን ንግድ ተቃራኒ መንገድ መረጡ። በ1993 የወጣው «ሳንኮፋ» ጅራፍም ሰንሰለትም አለበት። ግን እንዴት እንደሚጀምር ተመልከቱ፤ ባሮች ይጫኑበት በነበረው በጋናው የኬፕ ኮስት ምሽግ ለፋሽን ፎቶ የምትገተር ጥቁር ሞዴል አለች። ፊልሙ ወደ ባርነት የሚመልሳት ከዚያ ነው። ማለትም ፊልሙ መጀመሪያ የሚከሰው ቁስል ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳውን፣ ምናልባትም ራሱን ነው። አከፋፋዮች ፊታቸውን ሲያዞሩበት ፕሮፌሰሩና ባለቤታቸው ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። በ2021 ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ እንደገና መሠራት አላስፈለገውም። ማደስ ብቻ በቃው።

*

ስለዚህ ለጓደኛዬ መልሴ ይህ ነው። የድሮውን «ሻፍት ኢን አፍሪካ» አትሰውሩት፣ አትቁረጡትም። እንዳለ ይታይ፤ ጥፋቱም ታሪክ ነው፣ ደበበ እሸቱም አሉበት። እንደገና ይሠራ ካላችሁ ግን ሻፍትን ኒውዮርክ ተዉት። ከኋላው ከሚሄዱት ጀምሩ። ከእነርሱ አንዱ ያመልጥ እንደሆን ራሱ ያምልጥ። ጽሑፉን ከመቅረጻችሁ በፊት መንገዱን ለሄዱ ሰዎች አንብቡላቸው፤ «ይህ አይታይ» ያሉት ቦታ ላይ ካሜራው ፊቱን ያዙር። ብር ስጧቸው። ስማቸውን ጻፉ፤ እንዲጻፍ የማይፈልጉትን ደግሞ አትጻፉ።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት ለዚያ ልጅ ደወልኩለት። ስለ እርሱ ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩትና ምን እንዳይጻፍ እንደሚፈልግ ጠየቅሁት። ሁለት ነገር ነገረኝ፤ ሁለቱም እዚህ የሉም። ቪዲዮውን እንዳጠፋሁትም ነገርኩት። «ሌሎቹስ?» አለኝ። ጽፌላቸዋለሁ፤ ከሃያዎቹ አሥራ አራቱ መልሰዋል።

እግረ መንገዴን «እንዲያው የአንተ ታሪክ ፊልም ቢሆን?» አልኩት። ሳቀ። «ፊልም ከሆነማ ሹፌር መሆኔን እንዳይረሱ» አለኝ። «ከመሄዴ በፊት በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስነዳ ነበር። ማንም እኮ ጠይቆኝ አያውቅም።»

እኔም አልጠየቅሁትም ነበር።